የጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው

በዚህ እትም ከወሎ የተላኩልንን የእንጨትና የጭቃ ቤት ጥያቄዎች አሰባስበናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹን ስም ትተን ቦታውን ብቻ አስቀርተናል። ለእንጨትና ለጭቃ ነገር ከስሙ ይልቅ ቦታው ይጠቅማልና።

ጥያቄ (ከሐርቡ)፦ ቤቴን ከሠራሁ አምስት ዓመቱ ነው። ቋሚዎቹ ከላይ ደህና ናቸው፤ ከመሬት ጋር የሚገናኙበት ግን በጣት ሲነካ እንደ ቆሎ ዱቄት ይረግፋል። ስተክላቸው ጫፋቸውን በእሳት ለብልቤ የተቃጠለ ዘይት ቀብቼ ነበር። ሳላፈርስ ላድነው እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። ግድግዳው እስካልዘመመና ጣራው እስካልጎበጠ ድረስ የሚቀየረው እግሩ ብቻ ነው። መጀመሪያ ግን እንጨቱ ለምን እዚያው ላይ ብቻ እንደበሰበሰ እንይ። አበስባሹ ሻጋታ ውሃም አየርም ይፈልጋል። ጠልቆ የተቀበረው ጫፍ አየር ያጥረዋል፤ ከፍ ያለው ደግሞ ይደርቃል። ሁለቱም የሚገኙት ከመሬቱ ገጽ አንድ ስንዝር ዝቅ፣ አንድ ስንዝር ከፍ ባለው ቦታ ነው። ምስጥም የሚገባው በዚያው ነው። በዚያ ላይ ወጣት ባሕር ዛፍ አብዛኛው አካሉ ነጩ ዳር ነው፤ የሚጠነክረው ቀዩ ልቡ ገና አልሰፋም። ውፍረቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ አጣና ሐርቡን በመሰለ ቆላማ አገር ቋሚ አድርጎ መቅበር ምስጥን በሰርግ መጥራት ነው።

መለብለቡ ላዩን ያከስላል፤ ያንኑ ጊዜ ግን እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፣ ምስጡም በስንጥቁ ያልፋል። የተቃጠለ ዘይት ጠልቆ አይገባም፤ ያዘገይ ይሆናል እንጂ አያድንም። የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሞክሩት።

ጥገናው እንዲህ ነው። እያንዳንዱን ቋሚ ከግርጌው በወስፌ ይውጉ። ወስፌው ያለ ጉልበት 1 ሳንቲ ሜትር ከገባ ያ ቋሚ ተራው ደርሷል። ከሱ ግራና ቀኝ ጣራውን የተሸከመውን አግዳሚ በሁለት ወፍራም ባላ ይደግፉ። ባላዎቹ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆመው በሽብልቅ ጠበቅ ይበሉ። ግርጌው ላይ ያለውን ጭቃ አራግፈው ቋሚውን ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በመጋዝ ይቁረጡት። የበሰበሰውን ነቅለው፣ ጉድጓዱን እስከ 50 ሳንቲ ሜትር አጥልቀው፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ከመሬት በላይ 40 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ይገንቡ። ስትገነቡ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብረት ከጎኑ ይቅበሩ፤ በኋላ ቋሚውን አቅፎ የሚይዘው እሱ ነው። አናቱ ላይ ጠርዙ በአራቱም በኩል ወደ ታች የታጠፈ የቆርቆሮ ቁራጭ ያንጥፉ። የቀረችውን 10 ሳንቲ ሜትር ከወይራ በተጠረበ ማረፊያ ይሙሉና ባላውን ቀስ ብለው ይፍቱ። አንዱ ቋሚ ሳያልቅ ሌላው አይነካ።

ቆርቆሮው ምስጥን አይገድልም። የሚጠቅመው ምስጡ ተደብቆ መውጣት እንዳይችል ማድረጉ ነው። ዞሮ ለማለፍ የአፈር መተላለፊያውን በግልጽ ይሠራል፤ እርስዎም በየሳምንቱ አይተው በመጥረጊያ ያፈርሱበታል። ይህን የማያደርጉ ከሆነ ቆርቆሮውን ባያስገቡትም ልዩነት የለው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። የተቀበረ ቋሚ ቤቱን ከንፋስና ከመገፋት ያቆመዋል። ድንጋይ ላይ ያረፈ ቋሚ ግን ያንን ጉልበት ያጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማዕዘን፣ በሁለቱም ግድግዳ፣ ከግርጌ ወደ ላይ ሰያፍ እንጨት ይምቱ። ያለ ሰያፍ እግር መቀየር ቤቱን በአንድ ጎን እንዲተኛ ያሰናዳዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ውሃውን ማራቅ ነው። ጣራው ከግድግዳው ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ጠፈጠፉ የሚወድቅበት ላይ ጠጠር ያፍስሱ፤ በባዶ አፈር ላይ የወደቀ ጠፈጠፍ ጭቃውን አንስቶ ግድግዳው ላይ ይረጨዋል። መሬቱም ከቤቱ ሲርቅ በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል።

ጥያቄ (ከወገል ጤና፣ ደላንታ)፦ ግድግዳችን በየዓመቱ ይሰነጠቃል። በየዓመቱ እንመርጋለን፣ በየዓመቱ ይሰነጠቃል። አፈራችን ጥቁር ነው። ጭዱን ብናበዛ ይሻላል?

መልስ፦ ጭድ ከማብዛትዎ በፊት ስንጥቁን ያንብቡት። ሦስት ዓይነት ነው። እንደ መረብ የተዘረጋ ቀጭን ስንጥቅ የአፈር ጥፋት ነው። ቋሚውን ተከትሎ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ የእንጨት ጥፋት ነው፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ተመርጎበት ውስጥ ለውስጥ ሲደርቅ ሲኮማተር ያመጣዋል። ከማዕዘን ወይም ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ወደ ላይ ሲሄድ እየሰፋ የሚመጣ ከሆነ ግን መሠረቱ እየሰመጠ ነው። እሱን በምርጊት መሸፈን ከንቱ ድካም ነው።

የእርስዎ ከአፈሩ ይመስላል። የደላንታ ዋልካ (ጥቁሩ አፈር) ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ለጤፍና ለምስር የሚመሰገነው ያ ጠባዩ ግድግዳ ላይ ጠላት ነው። ጭድ ስንጥቁን ያቀጥነዋል እንጂ አፈሩን ጠባይ አያስቀይረውም። የሚያስፈልገው አሸዋ ነው።

አፈሩን ለማወቅ ውስጡ የሚታይ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሶውን በደቀቀ አፈር ይሙሉ። ቀሪውን ውሃ ጨምረው፣ ቁንጥር ጨው ጥለው፣ በደንብ ናጥ ናጥ አድርገው አንድ ቀን ያሳድሩት። አሸዋው ከታች፣ ደቃቁ ከመሃል፣ የሚያጣብቀው ከላይ ይቀመጣል። ለምርጊት የሚሆን አፈር ከግማሽ በላይ አሸዋ ሆኖ የሚያጣብቀው ከአምስት አንድ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ዋልካ ብቻውን እዚህ ልክ አይደርስም። ለአንድ እጅ ዋልካ ሁለት ወይም ሦስት እጅ የወንዝ አሸዋ ወይም አሸዋማ ቀይ አፈር ይጠይቃል። ትክክለኛውን ልክ የሚነግርዎ ግን ግድግዳው ራሱ ነው። አንድ ለሁለት፣ አንድ ለሁለት ተኩል፣ አንድ ለሦስት አድርገው ሦስት ጭቃ ያቡኩና፣ እያንዳንዱን በ30 ሳንቲ ሜትር ካሬ ግድግዳው ላይ ለጥፈው አንድ ሳምንት ይተዉት። የተሰነጠቀው ዋልካው በዝቶበታል። በእጅ ሲያሹት የሚዘንበው አሸዋው በዝቶበታል። መሃሉን ይውሰዱ።

ለመጀመሪያው ምርጊት በሦስት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ያልተጨመቀ ጭድ ይበቃል። የገብስና የስንዴ ጭድ ወፍራም ስለሆነ እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ተቆራርጦ ለመጀመሪያው ይግባ፤ የጤፍ ጭድ ለላይኛው ይቆይ። ጭቃው ከጭዱ ጋር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቡካ፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይረገጥ፤ ላዩ እንዳይደርቅ ይሸፈን። ሲሸት አይደንግጡ፤ ጭዱ ልሟል፣ ጭቃውም ይበልጥ ያጣብቃል ማለት ነው። በማገሩ መካከል ያለው ከሞላ በኋላ ከማገሩ በላይ የሚለጠፈው በአንድ ጊዜ ከ3 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። ገጹን በጣት እየጫሩ ሻካራ አድርገው ይተዉት፤ ሁለተኛው የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይጠብቁ። መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስንጥቁን በውሃ አርሰው በጭቃ ደፍነው ሁለተኛውን በቀጭኑ ያስከትሉ።

ወቅቱ ወሎ ላይ ጠባብ ነው። ክረምቱ መስከረም ላይ ቢወጣም በልጉ የካቲት ላይ ይመለሳል፤ በመካከሉ ያለው ነው የእርስዎ ጊዜ። ሌላ አገር «በበጋ ይመረግ» ብሎ መተው ይቻላል፤ ደላንታ ላይ ግን መጋቢት የመረጉት በበልግ ይታጠባል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ አለ። እርጥብ ምርጊት ውስጥ ያለው ውሃ ሌሊት በረዶ ሲሆን ገጹን ያነሣዋል፤ ጠዋት እንደ ቅርፊት ይራገፋል። ውርጩ ሲገፈፍ ጀምረው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ያቁሙ፤ የቀረውን ሰዓት ፀሐይና ንፋስ ይምጠጠው፣ ማታ ጆንያ ይጣልበት። ደቦ የሚጠሩ ከሆነ ይህን አስቀድመው ይንገሩ። ጠላው ተጠምቆ፣ ቡናው ተፈልቶ ሰው ሲሰበሰብ እስከ ማታ መለጠፉ አይቀርምና።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በኢንተርኔት የማያቸው ግንድ በግንድ ላይ ተጋድሞ የሚሠሩት የፈረንጅ ቤቶች ልቤን ወስደውታል። አባቴ ኩታበር የተከሉት ባሕር ዛፍ አለኝ። 5 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል እንደዚያ ልሠራ ብል?

መልስ፦ ይሠራል። ከመጥረቢያው በፊት ግን ሒሳቡን ይሥሩ።

ይህ አሠራር የመጣው ከነፊንላንድ፣ ኖርዌይና ሩሲያ ነው። እዚያ ቀጥ ያለ፣ ቀላልና ለስላሳ የጥድ ዘር እንደ ልብ ይገኛል። የግድግዳው ቁመት 2 ሜትር ተኩል ቢሆንና ግንዱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር፣ አንዱ በሌላው ላይ ሲቀመጥ ተጠርቦ ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ስለሚወርድ 14 ድርድር ያስፈልጋል። ግንዶቹ በየማዕዘኑ 30 ሳንቲ ሜትር ስለሚያልፉ የ5 ሜትሩ 5.60፣ የ6 ሜትሩ 6.60 ይሆናል። ድምሩ ወደ 340 ሜትር ግንድ፣ በሜትር ኩብ ወደ 10 ተኩል ነው፤ በርና መስኮት ሲቀነስ 10 ይጠጋል። ያንኑ ክፍል በጭቃ ቢሠሩት በየሜትሩ ባለ 12 ሳንቲ ሜትር ቋሚ፣ በመካከላቸው በየ15 ሳንቲ ሜትሩ አጣና፣ በውስጥና በውጭ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ፍልጥ ማገር ተመትቶ ግድግዳው 2 ሜትር ኩብ ያህል እንጨት ይጨርሳል። አምስት እጥፍ ልዩነት ነው። ረጅሙ ግንድ ደግሞ እርጥብ ሳለ 200 ኪሎ ይደርሳል፤ ከወገብ በላይ ሲነሣ ስድስት ሰው ይፈልጋል።

ከዋጋው የሚከፋው የባሕር ዛፍ ጠባይ ነው። ጭረቱ እየተጠማዘዘ ያድጋል፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ከጫፉ ይተረተራል። የጥድ ግድግዳ እንኳ ሲደርቅ ከመቶ ከ3 እስከ 6 ይወርዳል፤ 2 ሜትር ተኩሉ ከ7 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ያጥራል ማለት ነው። ባሕር ዛፍ ከዚያ ይብሳል፣ አወራረዱም እኩል አይደለም። ይህን ሳያውቅ መቃኑን ከግንዱ ጋር በምስማር የመታ ሰው ግድግዳው ሲወርድ በሩ ላይ ይንጠለጠልበታል፤ ከበሩ በላይ በግንዶቹ መካከል አፍ ይከፈታል። ከእያንዳንዱ በርና መስኮት በላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተዋል፤ በቃጫ ተሞልቶ በጣውላ ይሸፈናል። መቃኑም ከግንዱ ጋር አይመታም፤ በቦይ ውስጥ ይንሸራተታል።

ይህ ሁሉ ካላስቆመዎ በበጋ ይቁረጡ፣ በዚያው ሳምንት ይላጡ፣ ከመሬት አንሥተው በጥላ ደርድረው ከአንድ ዓመት በላይ ያቆዩ። ጫፎቹን በቀለም ይድፈኑ፤ ውሃው ከጫፍ ፈጥኖ ሲወጣ ነው የሚተረተረው። በእያንዳንዱ ግንድ ጀርባ ላይ ከዳር እስከ ዳር እስከ እምብርቱ የሚጠጋ አንድ መስመር በመጋዝ ያስገቡ። መሰንጠቁ ካልቀረ እዚያ ይሰንጠቅ፤ የሚቀጥለው ግንድ ይደፍነዋል። የማዕዘኑ መጋጠሚያ እንደ ኮርቻ የሚፈለፈለው ከላይኛው ግንድ ሆድ ነው። ከታችኛው ጀርባ ከፈለፈሉት ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ሠርተዋል። ሁሉም 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይረፍ።

ምክራችንን ከጠየቁ መጀመሪያ 3 በ3 የሆነ ጎተራ ወይም ማድ ቤት ይሠሩና ሁለት ክረምት ይዩት። ዓይንዎ የወደደው የእንጨቱ መታየት ከሆነ ደግሞ ወፍራሞቹን ቋሚዎች ከግድግዳው ገጽ ወጣ አድርገው፣ ልጠውና አለስልሰው ይተዉ፤ ጭቃው በመካከላቸው ይግባ። ያምራል፣ እንጨቱም ይበቃዎታል። ስለ ጽድ (ስለ አገራችን የሐበሻ ጥድ) ደግሞ፦ ለዚህ ሥራ ከባሕር ዛፍ በእጅጉ ይሻል ነበር። ነገር ግን ወሎ ላይ የቀረው አብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና እንደ የጎፍ ባሉ ደኖች ነው። ያንን አያስቡት።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የጭቃ ግድግዳዬን በሲሚንቶ አስለሰንኩት። በሁለተኛው ክረምት እንደ ሰሌዳ እየተላቀቀ ወደቀ። ሠራተኛው ሲሚንቶ ሰርቆኝ ይሆን?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም ሲሚንቶ ያበዛበት ቢሆን ቶሎ ይወድቃል። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሁለቱ አብረው መኖር አይችሉም። በቀጭን ስንጥቅ የገባ ውሃ ደግሞ መውጫ አጥቶ ከኋላው ይቀመጣል፤ ጭቃው ይላላል፣ ከዚያም የሚብሰው ይመጣል፦ ማገሩ ይበሰብሳል። የዶሮ ሽቦ መትቶ መለሰን መውደቁን ያዘገየዋል፣ መበስበሱን ግን ይደብቀዋል።

የቀረውን ልስን በጣትዎ አጥንት ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ሁሉ ያራግፉ፤ ግርጌውን ዙሪያውን ይክፈቱና ይድረቅ። ከዚያ በኖራ ይለስኑ። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ፣ ጭቃው ተጫጭሮና በውሃ ርሶ፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር ሳይወፍር ይለጠፍ። በፀሐይ እንዳይደርቅ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውሃ ይረጭ። ኖራ ካልተገኘ እኩል እኩል እበት፣ የተነፋ አፈርና ደቃቅ አሸዋ በቀጭኑ ይለቅለቅ፤ ዝናብ የሚመታው ጎን በየዓመቱ ይታደስ። ሲሚንቶው ለድንጋይ መሠረቱ ይቀመጥ።

ጥያቄ (ከቆቦ)፦ ቆርቆሮ ወይስ ሳር?

መልስ፦ ቆቦ ላይ ለመኝታ ሳር፣ ከሐሳብ ለማረፍ ቆርቆሮ። ሳሩ ሙቀት ይከለክላል፤ እሳት ግን ይፈራል፣ በየጊዜው ይታደሳል፣ ሰንበሌጥም እንደ ድሮው አይገኝም። ሳር ከመረጡ ጣራው ቢያንስ 45 ዲግሪ ይቁም። ወርዱ 5 ሜትር የሆነ ክብ ቤት ጉልላቱ ከግድግዳው በላይ 2 ሜትር ተኩል ይወጣል ማለት ነው። ከዚያ ከተጋደመ ውሃው ሳይፈስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ቆርቆሮ ከሆነ የጌጁ ቁጥር ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35ቱ ርካሽ የሆነው ስስ ስለሆነ ነው፣ ባለ 28ቱ ይወፍራል። ምስማሩ ከነጎማው እብጠቱ ላይ ይመታ፤ ውሃ የሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። ቆርቆሮው ሲደራረብ በቁመት 20 ሳንቲ ሜትር፣ በጎን አንድ እብጠት ተኩል ይግባ። ንፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ጎን ይጀመር፤ መጋጠሚያው ለንፋሱ አፉን እንዳይከፍት። ወራጆቹ ከቋሚዎቹ ጋር በሽቦ ይታሰሩ። ኮርኒስ ይሠራና ከኮርኒሱ በላይ በሁለቱ ጎን አየር መውጫ ይተው፤ መውጫ የሌለው ኮርኒስ ሙቀቱን አቆይቶ ማታ ያወርደዋል።

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ ምድጃውን ከቤት ካወጣን ወዲህ ከሳር ክዳኑ እንጨቶች ነጭ ዱቄት ይረግፋል። አማቴ «ጭሱን ስላጣ ነው» ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አማትዎ ልክ ናቸው። ጭስ እንጨቱንም ሳሩንም ያደርቃል፣ ጥላሸቱም ነቀዝን ያርቃል። ጭሱ ሲቆም ነቀዙ ወደ ነጩ ዳር ይገባል። ይሁን እንጂ ምድጃውን አይመልሱት፤ ጣራውን ያቆየ ጭስ የልጆችን ሳንባና የእናቶችን ዓይን ይበላል። ከእንጨቶቹ በታች ወረቀት ያንጥፉ። በሳምንቱ ዱቄቱ የሚታደስባቸውን ለይተው በምስማር ይሞክሩ፤ ምስማር የማይዘውን ይቀይሩ። ልጡ ያልተላጠ ካለ ይላጡት፤ ነቀዙ የሚወደው መደበቂያ ነው። በጉልላቱ ሥር ነፋስ የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ፤ ከሳሩ ላይ እንደ ሽበት የበቀለውን ሽፋን ያንሡ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ)፦ ለመሬት መንቀጥቀጥ ድንጋይ ነው ወይስ እንጨት የሚሻለው?

መልስ፦ ሰያፍ ያለው የእንጨት ቋሚ። ይወዛወዛል፣ ጭቃው ይራገፋል፣ ጣራው ግን ሰው ላይ ቶሎ አይወርድም። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ሲከፈት ከነክብደቱ ነው የሚወድቅ። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴንና ካራ ቆሬን የመታው ርዕደ መሬት ከእርስዎ ሩቅ አልነበረም። ድንጋይ ከመረጡ የላስታን ክብ ቤቶች ይዩ፤ ማዕዘን የለውምና የሚከፈት ጥግ የለውም። አራት ማዕዘን ከሆነ ከግድግዳው ወርድ ጋር የሚተካከል ረጅም ድንጋይ በየሜትሩ ገብቶ ሁለቱን ገጽ ያያይዝ።

ጦሳ ግርጌ ግን ከመንቀጥቀጥ ይልቅ ናዳው ይቀርባል። ከቤቱ በላይ፣ ከግድግዳው 2 ሜትር ርቆ፣ ውሃውን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ይቆፈር፤ ሰኔ ሳይገባ ይጠረግ። ከበላይዎ ያለው ጎረቤት ውሃውን ወደ እርስዎ የሚለቅ ከሆነ ቦዩን ብቻዎን አይጨርሱትም፤ ለቅሬው (ለሰፈሩ ዕድር) ይንገሩ።